የአውሬን ሥጋ ስለ መብላት፤ አራቱ ጥያቄዎች

መልካሙን ምግብ ፈቅዶ መጥፎውን ለከለከለው ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ክቡራን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ስለ ምግብ ሕግ በዓረብኛ የተጻፉት መጻሕፍት የአውሬን ነገር በጥቂት መስመር ጠቅሰው ያልፋሉ። ጸሐፊዎቻቸው የሚያውቁትን አገርና የሚያውቁትን አውሬ እያሰቡ ስለ ጻፉ፥ የጊዜያቸው አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን በመካነ ሰላም፥ በሳይንት፥ በወግዲና በከለላ በሚኖር ሰው እጅ ይገባሉ። እርሱ የሚያውቀው አውሬ ሌላ ነው፤ ድስቱን የሚጥድበትም አገር ሌላ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ መተርጐም አይበቃም፤ ነገሩንም ከአገራችን ጋር አስማምቶ መግለጥ ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። ደረሳ በነበርሁበት ዘመን፥ የሻፊዒን ፊቅህ ገና ጨርሼ በዕውቀቴ በምመካበት ጊዜ፥ አንድ ገበሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወደ ደረሶቹ ቀርቦ፥ «ልጆቼ፥ እናንተ የቀራችሁ ናችሁና ንገሩኝ፤ የጅብ ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም?» ሲል ጠየቀ። እኔም ጓደኞቼን ቀድሜ፥ «በኢማሙ ሻፊዒ መዝሀብ ሐላል ነው» ብዬ መለስሁለት። ሰውየው አመስግኖ ሊሄድ ሲነሣ፥ መምህራችን ከሚህራቡ አጠገብ ተቀምጠው ሰምተውን ኖሮ፥ «ወንድሜ፥ ትንሽ ይቈዩ። ጅቡ እንዴት ሞተ?» አሉት።

ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ጅብ የገበሬውን አህያ በልቶበት ነበር። ጎረቤቶቹ በተረፈው የአህያ ሥጋ ላይ መርዝ አደረጉበት። ጅቡም ማታ ተመልሶ በላ፤ ጧት ከወንዙ ዳር ሞቶ ተገኘ። የገበሬው ትንሽ ልጅ ለብዙ ጊዜ ሲያስለው የኖረ ሕመምተኛ ስለ ነበረ፥ የጅብ ሥጋ ተቀቅሎ ቢበላ ያድነዋል ብሎ የመከረው ሰው ነበረ። በእኔ መልስ ተማምኖ ቤቱ ቢደርስ ኖሮ፥ መርዝ የገባበትን ሥጋ ቀቅሎ ለልጁ ያበላው ነበር። መምህራችን ለሰውየው የሚገባውን ከነገሩት በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ኪታቡ ያለውን ነገርኸው፤ ጅቡን የገደለውን ግን አልጠየቅኸውም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አውሬ ሥጋ ለሚጠይቀኝ ሰው አራት ነገር ሳልጠይቀው አልመልስለትም። እነርሱም፤ 1ኛ፥ አውሬው ምንድን ነው? 2ኛ፥ እንዴት ሞተ? 3ኛ፥ ሥጋው እንዴት ይሰናዳል? 4ኛ፥ የሚበላው ለምንድን ነው? የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሸሪዓ የከለከለውን ሥጋ ደኅና አድርጎ ማብሰል ሐላል አያደርገውም። ሸሪዓ የፈቀደውም ሥጋ ቢሆን ካልበሰለ ወይም ከተመረዘ ሰውን ይገድላል። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ስለ ሆነ፥ ጐጂነቱ የታወቀ ምግብ ከሐላል እንስሳ የተገኘ እንኳ ቢሆን መብላቱ ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ አውሬው ምንድን ነው?

ሊቃውንት በዚህ ነገር መሠረት አድርገው የያዙት፥ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ባለ ክራንቻ አውሬን ሁሉ መብላት እንደ ከለከሉ የሚናገረውን ሐዲስ ነው። ይህን ያስተላለፉት አቡ ሰዕለባ አል-ኹሸኒ ሲሆኑ፥ በቡኻሪና በሙስሊም መጻሕፍት ይገኛል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ በጥፍሩ የሚነጥቅ ወፍ ሁሉ አብሮ ተከልክሏል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ፥ ኢማሙ ሻፊዒና ኢማሙ አሕመድ ይህን ክልከላ ሐራም ማለት ነው ብለው ይዘውታል። ከኢማሙ ማሊክ የተላለፈው ቃል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሐራም፥ ሁለተኛው መክሩህ የሚል ነው።

ይህም ሲባል የክራንቻ ጥርስ የበቀለበት እንስሳ ሁሉ ማለት አይደለም። ግመልም የሾለ ጥርስ አለው፤ ነገር ግን ሌላውን እንስሳ ለመንጠቅ አይጠቀምበትም። የተከለከለው በክራንቻው እየነጠቀና እየገደለ የሚኖረው ነው። ስለዚህ አንበሳ፥ ነብርና ተኩላ ያለ ጥርጥር በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህን ስለ ማብሰል መጠየቅ፥ በችግር ካልተገደዱ በቀር፥ ለሙስሊም ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ፥ ቀድሞ ደንቆሮ ደን እየተባለ ይጠራ የነበረውና ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ደን ይገኛል። በዚያ ነብር፥ ጅብ፥ ቀበሮና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በአገሩ ሁሉ ያለው ቢቈጠር ከ500 አይበልጥም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ይህን አውሬ መግደል የአገርን ሕግ መጣስና አላህ በዚህ ምድር ላይ ብቻ ያኖረውን ፍጥረት ማጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ትርጕም የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ ልብ በሉ! በዓረብኛ መጻሕፍት ውስጥ «ሰዕለብ» የተባለ ትንሽ እንስሳ አለ። የሻፊዒ ሊቃውንት ይበላል ይላሉ፤ የሐነፊ ሊቃውንት አይበላም ይላሉ። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ቃል «ቀበሮ» ብለው መልሰውታል። ነገር ግን የኛ ገበሬ ቀበሮ የሚለው፥ ማታ የሚያላዝነውንና በግ የሚነጥቀውን አውሬ ነው፤ እርሱም ሰዕለብ አይደለም። ዓረቦች «ኢብኑ አዋ» ወይም «ዚእብ» ከሚሉት ወገን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት የዘር ምርመራ አድርገው፥ በአፍሪካ ወርቃማ ቀበሮ ይባል የነበረው አውሬ በእውነቱ የተኩላ ዘር መሆኑን ገልጠዋል። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ከተኩላ ወገን ነው። ኢማም ነወዊ በሚንሃጅ መጽሐፋቸው ተኩላን ከሐራሞቹ ቈጥረውታል፤ ኢብኑ አዋንም በትክክለኛው አስተያየት ከሐራሞቹ ጋር ደምረውታል። እንግዲህ «ቀበሮ ይበላል» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ አንብቦ የአገራችንን ቀበሮ የበላ ሰው፥ በመዝሀቡም ቢሆን ሐራም በልቷል ማለት ነው።

የቀረው ጅብ ነው፤ ክርክሩም ያለው በእርሱ ላይ ነው። የነቢዩ ባልደረባ ጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ ስለ ጅብ ተጠይቀው፥ የሚታደን እንስሳ መሆኑን ከነቢዩ እንደ ሰሙ መናገራቸውን አቡ ዳዉድ፥ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበዋል። በዚህ ምክንያት ኢማሙ ሻፊዒና ኢማሙ አሕመድ ጅብን ከጠቅላላው ክልከላ ለይተው ፈቅደዋል። ሻፊዒ በመካ በሶፋና በመርዋ መካከል የጅብ ሥጋ ይሸጥ እንደ ነበረ ተናግረዋል። አቡ ሐኒፋ ግን ጠቅላላውን ክልከላ አጽንተው ጅብን ሐራም አድርገዋል። በወሎ የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ጎን ለጎን ሲቀሩ ስለ ኖሩ፥ በአንድ ቀዬ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች በዚህ ነገር ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱ ሌላውን «ሐራም በላህ» ወይም «ሐላል ከለከልህ» ብሎ ሊነቅፈው አይገባም።

ቢሆንም የሻፊዒ ተከታይ የሆነው ወንድሜ አንድ ነገር ያስተውል። በዓረብ አገር የሚገኘው ጅብ ጐኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፥ ዐይነ አፋር የሆነና አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚዞር ጥንብ ፈላጊ ነው። በደጋው ወሎ ሌሊት የምንሰማው ጅብ ግን ሰውነቱ ነጠብጣብ ያለበት ሌላ ዓይነት ነው። እርሱ በመንጋ ያድናል፤ አህያና በሬ ይጥላል፤ ሰውም የገደለበት ጊዜ አለ። በስም አንድ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ክልከላው የቆመው በክራንቻ እየነጠቁ በመኖር ላይ ስለ ሆነ፥ በስሙ ብቻ ተደግፎ መቸኰል አይገባም፤ አዋቂ ዓሊም መጠየቅ ያስፈልጋል። የተጠራጠሩበትን መተው ለሃይማኖትም ለጤናም ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ እንዴት ሞተ?

ጅብ ሐላል ነው የሚለውን አስተያየት የያዘ ሰውም ቢሆን፥ በሸሪዓ መንገድ ያልተገደለ ጅብ ለእርሱ በክት ነው። በቁርኣን በማኢዳ ምዕራፍ ከተዘረዘሩት ክልክሎች መካከል ታንቆ የሞተ፥ ተደብድቦ የሞተ፥ ከገደል ወድቆ የሞተና አውሬ የበላው ይገኙበታል። የገጠራችንን ነገር ስናይ ጅብ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ መንገዶች ነው። በወጥመድ ገመድ ታንቆ ይሞታል፤ የቀዬው ሰው ከብቦ በዱላና በድንጋይ ይገድለዋል፤ እየተባረረ ገደል ይገባል። ይህ ሁሉ በክት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ በስለት ካልታረደ በቀር አይበላም። በአደን የሚገደል አውሬ የሚበላው፥ አዳኙ የአላህን ስም ጠርቶ ሥጋን በሚበሳ መሣሪያ ሲገድለው ነው።

በመርዝ የሞተ አውሬ ግን በሁለት በኩል ሐራም ነው። አንደኛ በክት ነው፤ ሁለተኛ ገዳይ ነው። ሰዎች «እሳት ሁሉን ያነጻል» ብለው ያስባሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። እሳት ትልንና ረቂቅ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ለውሻና ለጅብ መግደያ የሚሆነውን እንደ ስትሪክኒን ያለ መርዝ ግን መፍላት አያጠፋውም። መርዙ በጨጓራው፥ በጉበቱና በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ መረቁም ይመረዛል። በሕይወቱ ሳለ ቢደረስበትና ቢታረድም እንኳ፥ መርዝ መብላቱ ከታወቀ ስለ ጐጂነቱ አይበላም።

ራሱን ሞቶ የተገኘ አውሬም እንዲሁ ነው። የሞተበት ምክንያት አይታወቅም። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ ሊሆን ይችላል፤ የአባ ሰንጋ ዘር ደግሞ በተራ መፍላት በቀላሉ የማይሞት ጽኑ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ተይዞም ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ የአገራችንን ቀይ ቀበሮዎች በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ ጅብም ይይዘዋል። ሸሪዓ በክትን ሲከለክል ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ታዘዙ፤ ዛሬ ሐኪሞች ከብዙዎቹ ምክንያቶች ጥቂቱን ገልጠውልናል።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ሥጋው እንዴት ይሰናዳል?

እንግዲህ በመዝሀቡ ተደግፎ የታረደ ጅብ ሊበላ የወሰነ ሰው፥ ወይም ችግር ያስገደደው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ የአውሬ ሥጋ ከበግና ከፍየል ሥጋ የሚለይበትን ምክንያት ይወቅ። በግ ሣር ይበላል። አውሬ ግን ብዙ እንስሳትን ስለሚበላ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ደዌ ወደ ራሱ ይሰበስባል። በትግራይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ የጅብን ፋንድያ የመረመሩ ሊቃውንት ከዐቢይ ጾም በፊት በ100 ውስጥ 14.8 የሚሆን የአህያ ጠጕር ሲያገኙ፥ በጾሙ ጊዜ ቍጥሩ ወደ 33.1 ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ክርስቲያኖች በጾም ሥጋ ስለማይበሉና የእርድ ትራፊ ስለሚያንስ፥ ጅቡ ወደ አህያ ፊቱን ይመልሳል ማለት ነው። ይህም የደጋው ጅብ ከሰው መንደር ጥንብና ትራፊ፥ ያን ባጣ ጊዜም ከሰው ከብት እንደሚኖር ያስረዳል።

ከደዌዎቹ ሁሉ በሥጋ ውስጥ ተሰውሮ የሚገኘው ትሪኪኔላ የተባለው ረቂቅ ትል ነው። ይህ ትል በሥጋ በል እንስሳት ጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ በዐይን አይታይም፤ ሥጋውንም ቀለሙንና ሽታውን አይለውጠውም። በምሥራቅ አፍሪካ ከአንበሳ፥ ከነብርና ከጅብ ሥጋ ውስጥ ተገኝቷል። ያልበሰለውን የበላ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዱን ይቈርጠዋል፤ ያስቀምጠዋል። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኵሳት ይይዘዋል፤ ፊቱና የዐይኑ ሽፋን ያብጣል፤ ጡንቻው ሁሉ ያመዋል። ሲከፋም ልብን ይነካል። ይህ ወሬ ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። ከቦረናና ከወግዲ ዓባይን ብንሻገር በምናገኘው በጎጃም፥ የዱር እሪያ ሥጋ የበሉ ሰዎች በዚህ ሕመም መያዛቸው በ1992 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሟል። እሪያ ለኛ ሐራም ነው፤ ምሳሌውን ያመጣሁት ግን ትሉ በአገራችን መኖሩን ለማስረዳት ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ።

1ኛ፤ የሚገፈው ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ አይንካው። ጓንት ይልበስ፤ ጓንት ካልተገኘ እጁን በፌስታል ይሸፍን። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅና በአንጎል ነውና ጭንቅላቱን አይፍለጥ፤ አንጎሉንና ምላሱን አይንካ። ምራቅ ቁስሉን ከነካው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚመልስ መድኃኒት የለውምና «ነገ አያለሁ» አይባልም።

2ኛ፤ አንጀቱና ፈርሱ ሥጋውን ሳይነካ ይውጣ። በሥጋ በል እንስሳ አንጀት ውስጥ የትል እንቁላል አለ፤ ከጠጕሩም ላይ ይጣበቃል። በእጅ አድርጎ ወደ አፍ ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያመጣ ዓይነት አለበት። ሆድ ዕቃው፥ ጭንቅላቱና ቆዳው ለውሻ አይጣል፤ ጠልቆ ይቀበር። ውሻ ከበላው ደዌው ወደ ቤት ይመለሳል።

3ኛ፤ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ የተደረገውን መብላት ፈጽሞ አይሆንም። በአገራችን ጥሬ ሥጋ መብላት የተለመደ ስለ ሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በርበሬ፥ አዋዜ፥ ሎሚና ጨው ትሉን አይገድሉትም። ቋንጣ ማድረግና ጢስ ማጠንም አይታመንባቸውም። በብርድ አገር የሚገኙ የዚህ ትል ዓይነቶች በረዶን እንኳ ይቋቋማሉና፥ ሥጋውን ውርጭ ላይ ማሳደር ዋስትና አይሆንም። የሚታመነው እሳት ብቻ ነው።

4ኛ፤ የጤና ሊቃውንት የአውሬ ሥጋ መካከሉ ድረስ 71 ዲግሪ ሙቀት እንዲደርስ ያዝዛሉ። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይታሰብ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በመካነ ሰላም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወደ ሳይንት ተራሮች ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ድስቱ ሲንፈቀፈቅ ያየ ሰው «በሰለ» ይላል፤ ነገር ግን በደጋ የፈላ ውሃ ከቈላው ውሃ የቀዘቀዘ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ ወደ ወፍራም ሥጋ መካከል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሥጋው ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ይቈረጥ፤ ድስቱ ይከደን፤ መፍላት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከሁለት ሰዓት ባላነሰ ይቀቀል። ትልቁ ቍራጭ ተሰንጥቆ ሲታይ መካከሉ ቀይ ወይም ደም ያዘለ ከሆነ ወደ ድስቱ ይመለስ። በፍም ላይ መጥበስ ውጭውን አቃጥሎ ውስጡን ጥሬ ስለሚተው ለዚህ ሥጋ አይመረጥም።

5ኛ፤ የምታበስለው እናት ወይም እኅት ሥጋው ሳይበስል ጨው ለመቅመስ አትሞክር። ጥሬው የተቈረጠበት ቢላዋና መክተፊያ በፈላ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ሽንኩርት አይከተፍበት፥ እንጀራም አይቈረጥበት። ልጆች ከአጠገቡ ይራቁ።

6ኛ፤ ጉበቱ ይቅር። በሰሜን ዋልታ አገር የነጭ ድብ ጉበት የበሉ መንገደኞች ራሳቸውን እያመማቸው፥ ቆዳቸውም እየተላጠ ይታመሙ ነበር። ምክንያቱ በ1943 እ.ኤ.አ. ሲመረመር፥ በዚያ ጉበት ውስጥ ከመጠን በላይ የተከማቸ ቪታሚን ኤ መሆኑ ታወቀ። ይህን ክምችት ማብሰል አያስወግደውም። በሰዎች ዘንድ ግን ለመድኃኒት ተብሎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ጉበት ነው!

7ኛ፤ እንግዳ ወይም ጎረቤት የሚቀርብለትን ሥጋ ሳያውቅ አይብላ። የሻፊዒው ሰው ሐነፊውን ሳይነግረው ቢያበላው አማናውን አፍርሷል። ለክርስቲያን ጎረቤትም እንዲሁ ነው፤ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በየድግሱ ሲጠራሩ የኖሩት እያንዳንዱ የሌላውን የምግብ ሥርዓት ጠብቆ ስለሚያዘጋጅለት ነው።

አራተኛው ጥያቄ፤ የሚበላው ለምንድን ነው?

የአውሬ ሥጋ ከሚበላባቸው ምክንያቶች አንዱ ረኀብ ነው። ሸሪዓ ለዚህ በር ከፍቷል። ሌላ ምግብ አጥቶ ሞትን የፈራ ሰው፥ ምኞትና ወሰን ማለፍ ሳይኖርበት፥ የተከለከለውን ቢበላ ኃጢአት የለበትም። አብዛኞቹ ሊቃውንት ነፍሱን የሚያቈይበትን ያህል ብቻ ይብላ ይላሉ፤ ኢማሙ ማሊክ ጠግቦ መብላትንና ለመንገዱ ስንቅ መያዝን ፈቅደዋል። ወሎ ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ አገር አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ በጨረሰ ጊዜ፥ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፥ ሰው ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቀውን እንስሳ እንደ በላ ይተረካል። በ1965ና በ1966፥ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን የዐይን ምስክሮች አሉን። በእንዲህ ያለ ቀን ሥጋውን የበላውን ሰው አንወቅሰውም። ነገር ግን የተራበና የደከመ ሰው ሆድ ደዌን የሚቋቋምበት ኃይል የለውምና፥ ከላይ የተነገረው የማብሰል ጥንቃቄ ከጠገበው ሰው ይልቅ ለእርሱ ያስፈልጋል። ማገዶ ቢያንስ ሥጋውን መቀነስ እንጂ ማብሰሉን መቀነስ አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት መድኃኒት ፍለጋ ነው። በአገራችን የጅብ ሥጋና ልዩ ልዩ ክፍሉ ለብዙ ሕመም መድኃኒት ነው እየተባለ ይነገራል። መድኃኒት መፈለግ የተወደደ ሥራ ነው፤ ሆኖም የሚያድን ሌላ የተፈቀደ መድኃኒት እያለ ወደ ተከለከለ ወይም ወደ አጠራጣሪ ነገር መሄድ አይፈቀድም። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በጤና ጣቢያ መመርመር አለበት። ለዚህ በሽታ በየቀኑ ለስድስት ወር ያህል የሚወሰድ፥ የሚያድን መድኃኒት አለ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ለልጁ የጅብ መረቅ ያጠጣ አባት፥ መረቁ ባይገድለው እንኳ፥ ሕክምናውን በማዘግየቱ ይጐዳዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ለመታየት ወይም ለመፎካከር መብላት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ቃል አላበዛም። በግና ፍየል ባለበት አገር የተጠራጠሩበትን ሥጋ ለጉራ ብሎ ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ከአስተዋይ ሰው አይጠበቅም።

መደምደሚያ

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ከተናገርነው ሁሉ ይህን ያዙ። ነብርና አንበሳ፥ ተኩላና የአገራችን ቀበሮ አይበሉም። በጅብ ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል፤ የደጋው ጅብ ደግሞ ከዓረቡ ጅብ የተለየ ስለ ሆነ መተዉ ይሻላል። በመርዝ፥ በዱላ፥ በወጥመድ ወይም በራሱ የሞተው በማንም መዝሀብ አይበላም። የተገደደ ሰው እስከ መካከሉ ያብስል፤ በልቶ የታመመም ሰው የበላውን ሳያፍር ለሐኪም ይናገር። የትሪኪኔላ መድኃኒት የሚጠቅመው ትሉ በጡንቻ ውስጥ ሳይሰፍር ቶሎ ሲሰጥ ነውና፥ አፍሮ ዝም ያለ ሰው ራሱን ይጐዳል።

ደረሶችና ለማስተማር የተቀመጣችሁ ሁሉ ደግሞ፥ አንድ ሰው «ይበላል ወይስ አይበላም?» ብሎ ሲመጣላችሁ ኪታቡን ከመግለጣችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁ። ያ ገበሬ በዚያ ጁምዓ ወደ ቤቱ የተመለሰው ጅቡን ለመቅበር ነበር። በማግስቱም ልጁን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ አገኘሁት። ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔ ግን ስለ ዕፍረቴ ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ ምግባችንን ሐላልና ጤናማ ያድርግልን፤ ከችኰላ መልስም ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።